በጋሞ ምድር ስለሚሰጠው የአካል ተሐድሶ ተመላላሽ ሕክምና

የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መፃጒዕ ይባላል። በዚያ ሰንበት የሚነበበው ሠላሳ ስምንት ዓመት በመጠመቂያው ዳር ተኝቶ ስለ ኖረው ድውይ ነው፤ ታሪኩን ለካህናት መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ የአገር አስተዳዳሪ ሁሉ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ውሃው ከዚያው ነበረ፤ ፈውስም ይገኝበት ነበር። በሽተኛው ያጣው ወደ ውሃው የሚያወርደው ሰው ነው። ዛሬ በጋሞ ዞን የአካል እንቅስቃሴ የተሰናከለባቸው ሕፃናትና ጎልማሶች ጉዳይ ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም። ሕክምናው በአርባ ምንጭ ከተማ አለ። በደጋው ተዳፋት ላይ ያለው ልጅ ግን ወደዚያ የሚያደርሰው፣ ካደረሰውም በኋላ በየሳምንቱ የሚያመላልሰው ሰው ያስፈልገዋል። ይህ ሕክምና በአንድ ቀን የሚፈጸም ሳይሆን በመመላለስ የሚጸና ስለ ሆነ፣ መንገዱ ራሱ ከሕክምናው ክፍል እንደ አንዱ ሆኖ ሊቈጠር ይገባል።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ይህ ሕክምና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የአካል ተሐድሶ ሕክምና ይባላል። ተሐድሶ የሚለው ቃል በቤተ ክህነት ዘንድ ሌላ ክርክር የሚያስነሣ በመሆኑ አንዳንድ አባቶች ሲሰሙት ፊታቸውን ማጥቈራቸው አይቀርም፤ ነገር ግን እዚህ የሚታደሰው ጕልበትና ወገብ፣ ክንድና ትከሻ ነው። ተመላላሽ መባሉም ታካሚው አልጋ ይዞ ሳይተኛ፣ በቤቱ እያደረ በቀጠሮ ቀን መጥቶ ታክሞ ስለሚመለስ ነው። ሥራው የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ፊዚዮቴራፒስት የሚባለው ባለሙያ ጡንቻንና መገጣጠሚያን መርምሮ የሚስማማውን እንቅስቃሴ ያስተምራል፤ ሌላው ባለሙያ ሰው ሠራሽ እግርን፣ የእግር ድጋፍንና ምርኩዝን ለክቶ ይሠራል፤ ሌላው ደግሞ ሰው ልብሱን መልበስን፣ መጕረስንና የእጅ ሥራውን እንደገና እንዲለምድ ያደርጋል። መርፌና ኪኒን የማይበዛበት ስለ ሆነ ብዙ ሰው ይህን ሁሉ እጅና እግር ማሸት ብቻ ነው ብሎ ይንቀዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የሚታየው ሕክምናው እንዴት እንደሚሠራ በተረዱት ጊዜ ነው።

የሰው ጡንቻ ካልሠራ ይመነምናል፤ መገጣጠሚያም ካልተንቀሳቀሰ ይደርቃል። አጥንቱ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት በጀሶ የቆየ ሰው ጀሶው ሲነሣለት አጥንቱ ገጥሞ ሳለ ጕልበቱ እንቢ የሚለው ስለዚህ ነው። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ አንጎል የተጎዳ እንደ ሆነ ነው። በአንጎል ውስጥ የደም ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ፣ ሐኪሞች ስትሮክ የሚሉት ደዌ፣ ግማሽ አካልን በአንድ ሰዓት ውስጥ ያሰንፋል። የሞተው የአንጎል ክፍል አይነሣም፤ ነገር ግን በሕይወት ያለው ክፍል የጎደለውን ሥራ ቀስ በቀስ ሊማር ይችላል። የሚማረውም ያንኑ እንቅስቃሴ መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ በመደጋገም ነው። የቆሎ ተማሪ ዜማን በአንድ ቀን ሰምቶ እንደማይዘው፣ የዕለት ቀለሙን በማታ እየከለሰ እንደሚያጸናው ሁሉ፣ የሰነፈ እጅም ጽዋ ማንሣትን የሚማረው በክለሳ ነው። ባለሙያው መምህር ነው፤ ክለሳው ግን የሚደረገው በቤት ነው። ይህን ሥራ ለመጀመር የመጀመሪያዎቹ ወራት ከሁሉ ይበልጣሉ፤ እነርሱ በከንቱ ካለፉ በኋላ የሚገኘው ፍሬ እያነሰ ይሄዳል።

ይህ ነገር በጋሞ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማወቅ የዶርዜን ሸማኔ ማሰብ ይበቃል። ሸማኔው በጕድጓዱ አፍ ተቀምጦ እጆቹ መወርወሪያውን ሲያቀባብሉ እግሮቹ ከታች ድሩን እያፈራረቁ ይከፍታሉ። ከአራቱ አንዱ ቢሰንፍ ሥራው ይቆማል። እንሰት የምትፍቅ ሴትም እንዲሁ ናት፤ ቅጠሉን በእግሯ ከሳንቃው ላይ አስጠግታ ይዛ በሁለት እጇ ነው የምትፍቀው። በከተማ የጽሕፈት ሥራ ላለው ሰው አንድ እግር መስነፍ ታላቅ ችግር ነው፤ ለሸማኔና ለእንሰት ፋቂ ግን የቤተሰብ ረኃብ ነው። ስለዚህ በስትሮክ የተመታውን ሸማኔ የሚረዳው ባለሙያ በአዳራሹ ውስጥ ማስኬዱ ብቻ አይበቃውም፤ እግሩን ወደ ሽመናው ሥራ መመለስ አለበት። ቤተሰቡም ሊያውቀው የሚገባ አንድ ትንሽ ነገር አለ፤ ዘመድ በደግነት ሊያነሣው ሲል የሰነፈውን ክንድ ይዞ ቢጐትተው ትከሻው ከመገጣጠሚያው ይላላል፤ ሕመሙም ለብዙ ወራት እንቅልፍ ይነሣዋል። በብብቱ ሥር ሳይሆን ወገቡንና ጀርባውን ደግፎ ማንሣት ይገባል። የደም ግፊት መድኃኒቱንም ማቋረጥ አይገባውም፤ ሁለተኛው ስትሮክ ብዙ ጊዜ ከፊተኛው ይከፋልና።

ስለ ሕፃናት የሚነገረው ከዚህ ይረዝማል። በማኅፀን ሳሉ ወይም በወሊድ ጊዜ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ወይም ከተወለዱ በኋላ በብርቱ የቢጫ በሽታ ወይም በማጅራት ገትር አንጎላቸው የተጎዳ ልጆች አሉ። ሐኪሞች ይህን ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። የአንጎሉ ጉዳት ራሱ እየባሰ የሚሄድ አይደለም፤ ነገር ግን ልጁ ባደገ ቍጥር የተወጠሩት ጡንቻዎች ያጥራሉ፤ እግሮቹ እንደ መቀስ ይጣመራሉ፤ የዳሌውም አጥንት ከስፍራው ሊወጣ ይችላል። ሕክምናው የሚከለክለው ይህን ሁለተኛውን ጉዳት ነው። በቀጠሮው ቀን ባለሙያው ለእናቲቱ የሚያሳያት ነገር ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ልጁ ሲጐርስ ተንጋሎ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ተደግፎ ይቀመጥ፤ ተንጋሎ የጐረሰው ምግብ ወደ ሳንባው ይገባልና። ሲታዘል እግሮቹ ተከፍተው በወገቧ ግራና ቀኝ ይሁኑ። ቀኑን ሙሉ በአንድ ጎኑ አይተኛ። በየቀኑ ጥቂት ጊዜ ተደግፎ ይቁም፤ የሚወደው ነገር ከእጁ ጥቂት ራቅ ብሎ ይቀመጥለት፤ እርሱን ለመያዝ ሲል ይዘረጋልና። እንዲህ ያለው ልጅ ሁሉ ይሄዳል ማለት ሐሰት ይሆናል። አንዳንዱ በምርኩዝ ይሄዳል፤ አንዳንዱ በተሽከርካሪ ወንበር ትምህርት ቤት ይደርሳል፤ አንዳንዱም ከመቀመጥ አያልፍም። ይሁን እንጂ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ሳይታነቅ የሚበላ፣ ውሃ እንደ ጠማው በእጁ የሚያመለክት ልጅ፣ በጨለማ ጓዳ ከተኛው ልጅ ጋር አንድ አይደለም። ለእናቲቱም አንድ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ለካህናት የሚቀርበው ግን የእግር መቆልመም ነገር ነው። ከሺህ ሕፃናት አንዱ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጡት እግራቸው ወደ ውስጥ ተቆልምሞ ይወለዳሉ። በስፔን አገር ተወልዶ በአሜሪካ በአዮዋ ያስተማረው ሐኪም ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ይህን ያለ ትልቅ ቀዶ ሕክምና የሚያቀናበትን መንገድ አወጣ፤ የእርሱ ዘዴ ዛሬ በኢትዮጵያም ይሠራበታል። የሕፃኑ እግር በየሳምንቱ ቀስ ተብሎ በእጅ እየተቃና በጀሶ ይያዛል፤ ጀሶውም ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ይለወጣል። ከዚያ በብዙዎቹ ላይ የተረከዙ ጅማት በጥቂቱ ይበጣል። በመጨረሻም በብረት የተያያዘ ጫማ ለሦስት ወር ቀንና ሌሊት፣ ከዚያም እስከ አራት ዓመት ገደማ በመኝታ ጊዜ ብቻ ይደረግለታል። ጀሶው አምስት ጊዜ ተለውጦ ጫማው ቢተው እግሩ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢጀመር እጅግ ይቀላል። እንግዲህ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ለጥምቀት ስትቀርብ፣ ሕፃኑን ራቁቱን የሚያየው ማን ነው? ካህኑና ዲያቆኑ አይደሉምን? ከአዋላጇና ከቤተሰቡ በቀር የሕፃኑን እግር አስቀድሞ የሚያይ ሌላ የውጭ ሰው በብዙ ቀበሌ አይገኝም። ያን ቀን ካህኑ ለወላጆቹ አንድ ቃል ቢናገር፣ ይኸውም ይህ እርግማን ሳይሆን የሚቃና ነገር ስለ ሆነ በዚህ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት ቢላቸው፣ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ በእግሩ ጎን ከመሄድ ሊድን ይችላል። ልጆች ለቡራኬ የሚቀርቡላቸው የሌሎች እምነቶች መሪዎችም እንዲሁ ማድረግ ይችላሉ።

በጋሞ ደጋ ሌላም ደዌ አለ፤ ስሙን ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ነው። በቀይ አፈር ላይ ዘመኑን ሁሉ በባዶ እግሩ የሚመላለስ ገበሬ፣ በትውልድ ለዚህ ደዌ የተጋለጠ ከሆነ፣ ደቃቁ አፈር በቆዳው ገብቶ የእግሩን ሥር ያውካል፤ እግሩም ያብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ነገር ግን ሕዝቡ ከሥጋ ደዌ ጋር እያምታታ ይሸሸዋል፤ ከጋብቻና ከማኅበር የተለየ ሰው ጥቂት አይደለም። ሕክምናውም ተመላላሽ ነው፤ እግርን በየቀኑ በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በመጠቅለያ ጨርቅ መጠቅለል፣ ማታ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ በልኩ የተሠራ ጫማ ማድረግ። የጎረቤት ወላይታ ይህን ሥራ ከብዙ ዓመታት በፊት ጀምሮ ፍሬውን አሳይቷል። የሳሙና ዋጋ ከአንድ ገበሬ የሥራ ቀናት ጋር ሲመዛዘን ምን ያህል እንደሚያንስ ማስረዳት አያስፈልግም።

ስለ ወጌሻም መናገር ተገቢ ነው፤ ብዙ የተማሩ ሰዎች ወይ ፈጽመው ይነቅፉታል ወይ ፈጽመው ያመሰግኑታልና። ወጌሻ ዘመናዊ ሐኪም ሳይኖር የአገሩን ሰው ሲረዳ የኖረ ባለሙያ ነው፤ ወለምታን መመለስ፣ የደከመን ጡንቻ ማሸት ያውቃል፤ ከሁሉም በላይ ከቤት አጠገብ ይገኛል፤ ከፍሎ የማይጨርሱትንም ዕዳ አይጠይቅም። ጉዳቱ የሚመጣው የተሰበረውን አጥንት በቀርከሃ አጥብቆ ሲያስር ነው። እብጠቱ ሲጨምር ማሰሪያው ደሙን ያግዳል፤ ጣቶቹ ይጠቍራሉ፤ ልጁም በስብራት ሊድን ሲችል እግሩን ወይም እጁን በመቈረጥ ያጣል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የሕፃናት እጅና እግር ከሚቈረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ መሆኑን ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ወጌሻን መከልከል ግን በምሽት እንዲሠራ ከማድረግ በቀር ሌላ ትርፍ የለውም። የሚሻለው እርሱን ጠርቶ ማስተማር ነው፤ ጣት ሲቀዘቅዝ፣ ሲደነዝዝ ወይም ሲጠቍር ማሰሪያውን ወዲያው ፈትቶ ወደ ሆስፒታል እንዲልክ። እጁ የለመደውን የማሸት ጥበብም ባለሙያው ቢያቃናለት ለቤት ውስጥ ክለሳ ከእርሱ የሚሻል ረዳት በቀበሌው አይገኝም።

ይህ ሕክምና ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1950ዎቹ በመናገሻ የተቋቋመው የቼሻየር ቤት በልጅነት ልምሻ፣ ማለት በፖሊዮ፣ እግራቸው የሰለለ ልጆችን ያስተናግድ ነበር። በዚያው ዘመን መጨረሻ በአዲስ አበባ የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል በሥጋ ደዌ እጅና እግራቸው የተጎዳ ሰዎችን አካል መልሶ ማለማመድን ለአፍሪካ ሁሉ አስተማረ። በ1990ዎቹም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን በዲግሪ ማሠልጠን ጀመረ። የፖሊዮ ክትባት ሥራ ከብዙ ድካም በኋላ ፍሬ አፍርቶ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2012 ዓ.ም. አፍሪካ ከዱር ፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆኗ ታወጀ። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሹማምንት እንግዲህ የአካል ጉዳተኛ ይቀንሳልና የዚህ ሕክምና ጊዜው አልፏል ብለው ይገምቱ ይሆናል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ልምሻ በሸሸበት በር መኪናና ሞተር ብስክሌት፣ ስኳርና ደም ግፊት ገብተዋል፤ ቀድሞ ይሞቱ የነበሩ ጨቅላ ሕፃናትም ዛሬ በሕክምና እየተረፉ ጥቂቶቹ ከጉዳት ጋር ያድጋሉ። የዓለም የጤና ጉባኤ በግንቦት 2015 ዓ.ም. የተሐድሶ ሕክምና በየአገሩ መደበኛ የጤና አገልግሎት ውስጥ እንዲገባ የወሰነው ይህን አይቶ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያስረዳው በምድር ላይ 2.4 ቢሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ሕክምና ሊጠቀሙ የሚችሉ ናቸው።

በአርባ ምንጭ የአካል ተሐድሶ ማዕከል አለ፤ የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በዕቃና በሥልጠና ሲረዳው ከቆዩት የኢትዮጵያ ማዕከሎች አንዱ ነው። ሰው ሠራሽ እግርና የእግር ድጋፍ ይሠራበታል፤ እንቅስቃሴም ያለማምዱበታል። ጠቅላላ ሆስፒታልም በከተማይቱ አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የጤና ባለሙያዎችን ያስተምራል። እንግዲህ ከአገሪቱ ብዙ ዞኖች ይልቅ ጋሞ የታደለ ነው ሊባል ይቻላል።

ነገር ግን ካርታውን ማየት ያስፈልጋል። አርባ ምንጭ ራሷ ሁለት ከተማ ናት፤ ሲቀላ ከታች፣ ሸቻ ከላይ፤ በመካከላቸው ብርቱ ዳገት አለ። በሁለት ጤነኛ እግር የሚወጣውን ሰው እንኳ የሚያለከልክ መንገድ፣ በምርኩዝ የሚሄደውን ምን ያደርገው? ይህ በከተማው ውስጥ ላለው ነው። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ርቀቱ ብዙ አይመስልም፤ ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ከእጥፍ በላይ ወደ ሆነ ደጋ ግን ያወጣል፤ በክረምት ጭቃውና ጉሙ የታወቀ ነው። ዲታ፣ ቦንኬ፣ ካምባ ደግሞ ከዚያ ይርቃሉ ወይም ይከብዳሉ። አንዲት እናት የአምስት ዓመት ልጅ አዝላ ከቤቷ ወደ መኪና መንገድ ሁለት ሰዓት ወርዳ፣ የመኪና ከፍላ፣ ግማሽ ሰዓት ታክማ፣ በዚያው ቀን መመለስ ካልቻለች ማደሪያ ፈልጋ፣ የገበያ ቀኗ ካመለጣት፣ ይህንን ስንት ሳምንት ታደርገዋለች? ወደ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ገብታ የሕክምናው ዋጋ ቢቀልላት እንኳ የመኪናውን ዋጋና የጠፋባትን የሥራ ቀን የሚተካላት የለም። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀጠሮ ትቀራለች። በመዝገቡም ላይ በገዛ ፈቃዷ እንዳቋረጠች ተደርጎ ይጻፋል። ቃሉ ትክክል አይደለም፤ ያቋረጣት ዳገቱ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ የሪፖርት ጉዳይ አለ፤ ሹማምንት ሊያስቡበት ይገባል። የመሥሪያ ቤት መግለጫ ሁሉ በዚህ ዓመት ስንት ሰው አገልግሎት እንዳገኘ ይቈጥራል። አንድ ጊዜ መጥቶ የቀረውም፣ ቀጠሮውን ሁሉ የፈጸመውም እኩል አንድ ተብሎ ይቈጠራል። ለእንዲህ ያለው ሕክምና ግን ይህ ቍጥር ያሳስታል። አንድ ጊዜ ብቻ ጀሶ የተደረገለት ቆልማማ እግር እንዳልታከመ ነው። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው ከመጡት ውስጥ ስንቱ እስከ መጨረሻው ተመላለሱ፣ ያልተመላለሱትስ ከየትኛው ወረዳ ናቸው የሚለው ነው። ይህ ቢጻፍ ዳገቱ በወረቀት ላይ ይታያል።

ሌላው ችግር ከመንገዱ ይልቅ በቢሮ ውስጥ ያለ ነው። በሆስፒታል ያለው ፊዚዮቴራፒ የጤና መሥሪያ ቤት ነው። ሰው ሠራሽ እግርና ድጋፍ የሚሠሩት ማዕከሎች ግን በኢትዮጵያ ልማድ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ነበሩ፤ መሥሪያ ቤቶቹ በ2014 ዓ.ም. እንደገና ሲደለደሉም ማኅበራዊው ጉዳይ ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ተላለፈ። እንግዲህ እግሩ የተቈረጠ አንድ ሰው በአንድ መሥሪያ ቤት ይቈረጣል፤ በሌላው ይራመዳል። ሁለቱ ካልተነጋገሩ፣ ቍስሉ ከዳነ በኋላ የቀረው እግሩ በመጠቅለያ ሳይጠቀለል፣ ጕልበቱም ሳይለማመድ ወራት ያልፋል፤ ወደ ማዕከሉ ሲደርስ ጕልበቱ ታጥፎ ደርቆ ሰው ሠራሹ እግር አልገባ ይላል። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ደግሞ እግሩ በስድስት ወር ወይም በዓመት ሊለወጥለት ይገባል፤ የትኛው ቢሮ ይጥራው? በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ቢሮዎች ሁሉ አዲስ ስለ ተደራጁ፣ ይህን የድሮ ቀዳዳ ለመስፋት የተመቸ ጊዜ ነበር፤ ጊዜውም ገና ፈጽሞ አላለፈም።

የገንዘቡም ነገር እንዲሁ አጣዳፊ ነው። የሰው ሠራሽ እግር ፕላስቲክና ሌላው ዕቃ ብዙው ከውጭ የሚመጣ ነው። የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በ2015 ዓ.ም. ገንዘብ ጎድሎበት በብዙ አገሮች ሥራውን ለመቀነስ ተገደደ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታ መሥሪያ ቤቱን ዘጋ። ርዳታ የሰጡትን ማመስገን ይገባል፤ ነገር ግን የአንድ ሕፃን እግር በየስድስት ወሩ የሚለካ ሲሆን የሌላ አገር ምክር ቤት ውሳኔ እስኪሰማ መቆየት አይችልም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ስለ ሥራ መብታቸውም አዋጅ ቍጥር 568/2000 ወጥቷል። ሕጉ የታወጀለት ሰው ከቤቱ ደጃፍ መውጣት ካልቻለ ግን የሥራ ውድድር ማስታወቂያውን ማን ያነብለታል?

እንዲያውም ስንት እንደ ሆኑ በትክክል አልተቈጠሩም። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቈጠራ በአገሪቱ ያገኘው የአካል ጉዳተኛ ከመቶ አንድ ያህል ነበር፤ የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባወጡት ሪፖርት ግን የዓለም ግምት ከመቶ አሥራ አምስት ነው። ልዩነቱ ሁሉ ከአጠያየቁ የመጣ አይደለም። ቈጣሪው ደጅ ቆሞ ሲጠይቅ በጓዳ ያለው ልጅ ሳይጠራ የቀረበት ቤት ብዙ ነው። እዚህ ላይ ከመንግሥት ሠራተኛ ይልቅ የንስሐ አባት ይበልጣል፤ እርሱ እስከ ጓዳ ይገባልና። ጸበል ለሚሄድ ቤተሰብም፣ ጸበሉና ቀጠሮው እንደማይጣሉ፣ ጠዋት ተጠምቆ ከቀትር በኋላ እግርን ማለማመድ እንደሚቻል ከእርሱ አፍ ቢሰማ፣ ሐኪም ከሚናገረው ይልቅ ይታመናል።

ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ ታላቅ ሕንፃ በየወረዳው ይሠራ ማለት ከእውነት የራቀ ምክር ይሆናል። የሚቻለው ሌላ ነው። ባለሙያው በወር አንድ ወይም ሁለት ቀን ወደ ደጋው ይውጣ፤ ቀኑም የገበያ ቀን ይሁን፤ እናቲቱ ቅቤዋንና እንሰቷን ይዛ በምትወርድበት ቀን ልጅዋንም ታመጣለችና። በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በመካከሉ ባሉት ሳምንታት ቤት ለቤት ክለሳውን ይመልከቱ፤ ይህን ለማስተማር ረጅም ሥልጠና አያስፈልግም። ልጅ ይዞ የሚለማመድበት የመቆሚያ አጣና ከአዲስ አበባ መምጣት የለበትም፤ የጨንቻና የዶርዜ ሰው በቀርከሃ ቤት የሚሠራ ጥበበኛ ነው፤ ሁለት ቀርከሃ በልጁ ወገብ ቁመት ልክ በጓሮ ማቆም ለእርሱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በዱቡሻ ላይ የተሰበሰቡ ሽማግሌዎችም ጉዳዩን እንደ ሌላው የሕዝብ ጉዳይ አንሥተው ቢመክሩበት፣ የተደበቀውን ልጅ ማውጣት ነውር መሆኑ ይቀራል፤ በገመገሙ የሚኖር ጎረቤትም ተራ ገብቶ ልጁን እስከ መኪናው መንገድ ያወርዳል። በደቦ ቤት የሚያነሣ ሕዝብ ይህ አይከብደውም።

ወደ አርባ ምንጭ መምጣታቸው ግድ ለሆነው ለእነዚያ፣ ማለት ለጀሶው፣ ለሰው ሠራሹ እግርና ለድጋፉ፣ የመኪና ዋጋና የአንድ ሌሊት ማደሪያ በበጀት ሊታሰብ ይገባል። ይህ ወጪ ትንሽ ነው፤ ትንሽነቱም ራሱ ጉዳት ሆኖበታል፤ በሁለቱ መሥሪያ ቤቶች መካከል ስለሚወድቅ ማንም በስሙ አይጽፈውምና። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ወረዳዎች ሒሳባቸውን የሚያቀርቡት ከዚያ አስቀድሞ ስለ ሆነ፣ የጤናውና የማኅበራዊ ጉዳዩ ቢሮዎች ይህ መስመር በማን መዝገብ እንደሚገባ እስከ ግንቦት መጨረሻ ተነጋግረው ሊወስኑ ያስፈልጋል።